ኮት የማይረሱ ሰዎች

ውድ ኦናሌና፣

ከሁሉ በፊት ይኼን አንብቢ፦ አታንግ ደህና ነው። አሁን ራሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የአክስቴ ማፑላን ጫማ እያኘከ ነው። ስለዚህ ልጄን ብለሽ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ወደ መናኸሪያ እንዳትሮጪ። ፈተናሽን ተፈተኚ።

ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው "ልጅቷ ፈተና ላይ ናት፣ አትረበሽ፣ ስትመረቅ እንነግራታለን" ብለው ወስነዋል። እኔ ያላገባሁ ስለሆንኩ ስብሰባው ላይ አልተጠራሁም፤ የሰማሁት በመስኮት ሥር ሆኜ ነው። ያልተጠራሁበት ውሳኔ ደግሞ አያስረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ለአክስቴ ቦኔሎ ልጅ ለቱሶ ሚስት ልንጠይቅ ሴሮዌ ሄደን ነበር። ያገቡት በአጎቴ ሞዲሪ መኪና፣ ያላገባነው ከማገዶና ከድስት ጋር በፒክአፕ ጀርባ። አታንግን ከእኛ ጋር ልጭነው ስል አክስቴ ማፑላ "ልጅ ማገዶ ላይ አይጫንም!" ብላ ነጠቀችኝ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅሽ ካገቡት ተቆጠረ፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ከድስት።

አንቺ የላክሽው የሕፃን መቀመጫ ከሾፌሩ ኋላ ታስሯል፤ በስልክ ስለጮህሽባቸው ፊቱም ወደ ኋላ ዞሯል። መቀመጫው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእነሱ ልማድ ነው። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ልጅ በመኪና የሚሄደው ጭን ላይ ነበር፤ ጭን ላይ ያለ ልጅ ደግሞ አይረሳም፣ ስትነሺ ይወድቅብሻላ! አታንግ ግን ወተቱን ጠጥቶ እዚያ መቀመጫው ላይ ለጥ ብሎ ተኛ። ድምፅ የለ፣ ፊቱ አይታይ።

የእኛ ፒክአፕ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ስለቀረ፣ ቀጥሎ ያለውን የምነግርሽ አክስቶችሽ ሲጣሉ ከሰማሁት ነው። ለቱሶ የምንጠይቃት ልጅ ቤተሰቦች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው አስጠበቋቸው። ሲደርሱ ገና ጎህ አልቀደደም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው አንቀላፉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል በሩ በድንገት ተከፈተና "ግቡ!" ተባለ።

እዚህ ላይ አጎታችንን በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቻቸው። "ኮቴ! ኮቴስ? ማነው ኮቴ ላይ የተቀመጠው?" ኮት ያልለበሰ ወንድ፣ ብርድ ልብስ ያልደረበች ሴት በዚያ በር አያልፉማ። ዝናብ ሊጥል ሲል ያለውን የሴሮዌን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ አክስቶችሽ በዚያ ሙቀት በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቀለሉ። የተጠቀለለች ሴት ደግሞ ከኋላዋ ስትታይ ሁሌም ልጅ ያዘለች ትመስላለች። አክስቴ ማፑላ የቦኔሎን ጀርባ አየችና "አታንግን አዝላዋለች" አለች በልቧ። ያበጠው ግን የቦኔሎ የራሷ ጀርባ ነበር። ቦኔሎ "ልጁን ሁሌም የምትይዘው ማፑላ ናት" ብላ ዘወር ብላ አላየችም። አጎቴ ሞዲሪ ደግሞ የልጅ ነገር የሴት ነው ብለው ኮታቸውን ቆለፉ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ መኪናዋን ጢጥ አድርገው ቆለፉና በሰልፍ ገቡ። ሁሉም ይወዱታል፤ ሁሉም ሌላዋ ይዛዋለች አሉ።

እኛ ደረስን። እኔ ሽንኩርት ልልጥ ጎረቤት ግቢ ተላክሁ። መንገዴን ትቼ ወደ አጎቴ መኪና የሄድኩት ግንባሬ ላይ የወጣችውን ብጉር በመስታወቱ ላያት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ብጉሬን ነው። ከብጉሬ ኋላ አንዲት ትንሽ እግር ታየችኝ።

በሩን ጎተትኩት፤ ተቆልፏል። ወደ ግቢው ሮጥኩ። በር ላይ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል።

"አባባ፣ አጎቴን ይጥሩልኝ! ቁልፍ! ሕፃን መኪና ውስጥ ተቆልፎበታል!"

"አግብተሻል?" አሉኝ።

"ምን?"

"ያገባ ሰው ይገባል። ካላገባሽ ቃልሽን ለእኔ ስጪኝ። እኔ ለታናሽ ወንድሜ እነግራለሁ፣ እሱ ለተናጋሪያችን ይነግራል፣ ተናጋሪያችን ለተናጋሪያችሁ…"

"አባባ፣ እስከዚያ እኔም አገባለሁ!"

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፊቴን አዩና ደነገጡ። ወደ ውስጥ ዞረው "ከበር ቃል መጥቷል…" ሲሉ እኔ አልጠበቅሁም። የምድጃ ጉልቻ አንስቼ ከአታንግ ራቅ ያለውን የፊት መስኮት ሰበርኩት። መኪናዋ መጮህ ጀመረች። ያቺን ጩኸት እዚህ ቤታችን ማሃላፕዬ ሆነሽ ትሰሚያት ነበር።

የልጁ መልእክት ገና ሁለተኛው ሽማግሌ ጋ ነው። ለመኪናዋ ግን አጎቴ ሞዲሪ፣ ጉልበቴን አመመኝ እያሉ ለውኃ እንኳ የማይነሱት ሰውዬ፣ እየሮጡ በሩን አልፈዋል።

"መኪናዬን! ማነው የኔን መኪና…"

በተሰበረው መስኮት ገብቼ ያወጣሁትን አታንግን እጄ ላይ አዩት።

እዚህ ላይ አልቀልድም፣ እህቴ። ሰውነቱ ያቃጥላል፣ ፀጉሩ በላብ ተጣብቋል፣ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል ድምፁ ግን አይወጣም። አክስቴ ማፑላ ብርድ ልብሷን ጥላ በጉልበቷ ወደቀች። አጎቴ ኮታቸውን እንደለበሱ አፈር ላይ ቁጭ አሉ። የልጅቷ እናት ናት ከእጄ ቀምታ ጥላ ሥር ያስገባችው፣ ልብሱን ያወለቀችለት፣ በእርጥብ ጨርቅ ያበሰችው፣ "መኪና አምጡ፣ ክሊኒክ!" ብላ የጮኸችው። ክሊኒክ ነርሷ እስኪመሽ አቆየችው። "ትንሽ ቢዘገይ…" ብላ ጀመረችና አጎቴን አየቻቸው፤ አልጨረሰችውም።

ስንመለስ የልጅቷ አክስት ወገቧን ይዛ ጠበቀችን። "አንድ ሕፃን መቁጠር ላቃታችሁ ነው ልጃችንን የምንሰጠው?"

አጎቴ ሞዲሪ፣ በቃላት ተሸንፈው የማያውቁት፣ "አትስጡን" አሉ። "እውነት ነው። ዛሬ አትስጡን።"

ከዚያ የበሩ ሽማግሌ፣ "በሚመጣው ቅዳሜ ተመለሱ" አሉ። "ልጁንም ይዛችሁ ኑ። ማን እንዴት ይዞት እንደሚገባ በዓይናችን እናያለን። ያኔ ስለ ልጃችን እንነጋገራለን።"

እና ነገሩ ይኼው ነው፤ የቱሶ ጋብቻ በልጅሽ ላይ ተንጠልጥሏል።

በነጋታው አጎቴ ጠሩኝ። እኔን! ያላገባሁትን! "አንቺ አፈ ጮሌ፣ ምን ይሻላል?"

"አጎቴ፣ በዕድሜዎ ረስተውት የማያውቁት ነገር ምንድን ነው?"

አሰቡ። "ኮቴን።"

"እንግዲያው ኮትዎ ከአታንግ ጎን ይቀመጣል።"

አሁን ኮታቸውም የአክስቶችሽ ብርድ ልብስም የሚጫነው ከሕፃኑ መቀመጫ አጠገብ ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር፣ አታንግ ኖረም አልኖረም፣ የኋላው በር ይከፈታል። "ልጁ ማን ጋ ነው?" ሲባል "ቦኔሎ ጋ" ማለት ክልክል ነው፤ "እኔ ጋ" የምትለዋም እጇን ልጁ ላይ አድርጋ ነው። ትናንት አጎቴ ብቻቸውን ዳቦ ሊገዙ ሄደው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ የኋላውን በር ከፍተው አጎንብሰው ሲፈትሹ፣ ባለሱቁ "ሽማግሌ፣ ምን ጠፋብዎ?" አላቸው። "ምንም። እንዳይጠፋብኝ ነው" አሉት።

ቅዳሜ አታንግ ይሂድ አይሂድ የምትወስኚው ግን አንቺ ነሽ። እምቢ ካልሽ ቱሶ ይጠብቃል፤ ጥበቃ አይገድለውም። ሌሎቹ ሳይነግሩሽ ሊወስዱት ነው። አጎቴ ሞዲሪ ግን ነገ ከሰዓት በኋላ ሊደውሉልሽ ነው፤ ለማንም አልተናገሩም። ከፍየሎቹ በረት ኋላ ሲለማመዱ ሰማኋቸው። "ኦናሌና ልጄ፣ እንደምን ነሽ? ትምህርቱስ? እዚያ ዝናብ ጣለ? እዚህ ላሞቹ ከስተዋል…" ይሉና ላሞቹ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጣል። እንደገና ከሰላምታው ይጀምራሉ።

ሲደውሉ ይኼን በማታው አውቶቡስ የላክሁልሽን ደብዳቤ እንዳላነበብሽ ሁኚ። መቆጣት መብትሽ ነው፣ ተቆጪ፤ ግን መጀመሪያ ራሳቸው ይናገሩት። ስለ ዝናቡ መልሺላቸው፣ ስለ ላሞቹም ጠይቂያቸው። ዝም ካሉም ስልኩን አትዝጊባቸው፤ ትንፋሻቸውን እየሰማሽ ጠብቂያቸው።

እህትሽ ጎራታ
ማሃላፕዬ