አሥራ አራተኛው ዛፍ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ ፓዊ።

እንደምን ከረሙልኝ አባቴ? የቆላው ሙቀት እንዴት አደረገዎት? ጉልበትዎስ? እናቴ ዓይንዎ ካለፈው ዓመት አልባሰም ብላኛለች፤ እሷ ግን እኔን ላለማስጨነቅ የምትደብቀው ስለማይጠፋ እውነቱን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እንግዳውም፣ ልጃችን ፋናም ደህና ናቸው። ገብሱ ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ያማረ ነው። የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ገና «አባቴ» ከማለቴ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ደግሞም የሚጻፍ ወሬ ነው። ዮዲት የወንድሜ ልጅ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢላቸው እንጂ እንደ ፈተና ወረቀት አትሩጪበት።

በጥቅምት መጀመሪያ ዛፍ የሚያጠኑ ሰዎች ጥርባ መጡ። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ስሙን ሊመዘግቡ፣ ቅጠሉንም አድርቀው ሊያስቀምጡ ነው። አገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልገው ሃያ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ቀይ ክር አሰሩና፣ ከሁሉ አብልጦ የለየውን እንወስዳለን አሉ። ስድስት ወንዶች ቀረቡ፤ ሰባተኛዋ እኔ። ጎረቤታችን ሽባባው ሴት እንጨት የምታውቀው ምድጃ ውስጥ ሲገባ ነው ብሎ ሰው አሳቀብኝ። የሞፈር ጠራቢው የውዱ ልጅ መሆኔን ረሳኸው ወይ አልሁት። አልሁት እንጂ ሆዴስ ፈርቶ ነበር። እርስዎ ወደ ፓዊ ሲሄዱ፣ ይህ ያወቅሁት ሁሉ ከእኔ ጋር አፈር ሊገባ ነው ያሉኝን ልረሳው አልቻልሁም። እውነትዎን ነው፤ የዛሬ ልጅ ከባሕር ዛፍና ለከሰል ከሚተከለው ዲከረንስ ሌላ ምን ያውቃል? ስለዚህ እዚያ ብወድቅ የሚወድቁት እርስዎ ነበሩ።

ገና ስንጀምር መሪጌታ ቢላዋችንን ሁሉ ሰበሰቡ። የታቦት ዛፍ ልጡ አይነካም አሉ። ጉድ ፈላ! እኛ ዛፍ የምንለየው ልጡን ሸርፈን፣ አሽትተን፣ ቀምሰን አይደል? ሁሉም አንጋጦ ቅጠል ይመለከት ጀመር። እኔም አንጋጥጬ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ዝግባውን፣ ብሳናውን አለፍሁ። ሁለቱን ግን ከአማቴ የሰማሁት በአገውኛ ብቻ ነበርና አፍሬ ዝም ልል ስል፣ የቡድኑ አለቃ ወይዘሪት ሰርክአዲስ በአገውኛ ንገሪኝ ብላ ደስ እያላት ጻፈችው።

አሥራ አራተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ላዩን ሦስት ሦስት ሆኖ የበቀለ ቅጠል ሸፍኖታል። ስድስቱም እምብስ ነው አሉ፤ የእምብስ ቅጠል ሦስት ሦስት ነዋ። እኔም እምብስ ልል አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ከነከነኝ። እርስዎ ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ መንገድ ላይ እየቆሙ ግንድ በመዳፍዎ ይዳስሱ ነበር። አባቴ፣ ዛሬ ልናዘዝ፤ ያን ጊዜ አፍሬብዎት ነበር። የገበያ ሰው ሲያየን ክንድዎን ይዤ እንሂድ እንሂድ እል ነበር። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት እጄን ግንዱ ላይ አሳረፍሁ። ሽባባው እሷም እንደ አባቷ ታወረች ብሎ ሳቀ። ይሳቅ! ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ አራት ማዕዘን እየሠራ ተሰነጣጥቋል። የእምብስ ልጥ ደግሞ ልስልስ ነው። እየዳሰስሁ ወደ ጀርባው ስዞር፣ ክንድ የሚያህል ሐረግ ከመሬት ተነሥቶ ዛፉ ላይ ተጠምጥሞ ወጥቷል። ከሥሩ ከወደቀው ቅጠል ለየት ያለውን አንሥቼ ባሸው፣ ያ የሚያውቁት መራራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«የምታዩት ቅጠል የጠምበለል ሐረግ ነው። ዛፉ ጥቁር እንጨት ነው» አልሁ።

ወይዘሪት ሰርክአዲስ ወረቀቷን አየት አድርጋ፣ ማን አስተማረሽ አለችኝ። አባቴ አልሁ፤ እንባዬም መጣ። ከሃያው አሥራ ዘጠኙን አገኘሁ። የሳትኋት አንዲት ቁጥቋጦ እስካሁን ታናድደኛለች። ሽባባው አሁን ሲያገኘኝ ቀድሞ ባርኔጣውን የሚያነሣው እሱ ነው።

ይኸው አንድ ወር ሙሉ አብሬያቸው ስሠራ ቆየሁ። የወደቀውን ቅጠልና ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቀን ጠንካራ ወረቀት ላይ እንለጥፋለን። ከግርጌው የዛፉ ስምና የለየው ሰው ስም ከነአባቱ ይጻፋል። እስከ ዛሬ ከመቶ በላይ ሆኗል። ስላፈርሁብዎት ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ እንደሆነ ኮርቼ መሬት አልበቃኝም።

እናቴን ዘውድነሽን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜ ወርቅአየሁን በእጅጉ ናፍቄሃለሁ በሉልኝ። ሚስቱ ውቢት አባቴን ስለምትንከባከብልኝ እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት። ዮዲትዬ፣ አንቺን ጉንጭሽን ስሜሻለሁ። ከደብዳቤው ጋር ከግርጌ ከምንለጥፈው ጽሑፍ አንዱን ልኬያለሁ። የአባባን ጣት ያዢና «ማናለብሽ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ላይ አሳርፊላቸው። ስምዎ ነው በያቸው።

ልጅዎ ማናለብሽ ውዱ
ጥርባ፣ እንጅባራ
ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.