ሦስት ቦታ የለጠፍኩት ፎቶ

ማክሰኞ

ስሙን ማወቅ አልቻልንም። ጠዋት አንድ ኢሱዙ ነርስ ሆኜ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ አውርዶት ሄደ። ሾፌሩ «እርሻ ውስጥ ወድቆ ተገኘ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ሳሉግ ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከወረዱት አንዱ። ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፣ ይቃዣል። መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ የመጣ ልጅ እጄ ላይ ሞተ። ማዘጋጃ ቤት ቀበረው፤ አልቃሽ አልነበረውም። እናቱ ዛሬም በሕይወት ያለ ነው የሚመስላት። ይሄኛው እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ፎቶ አነሳሁት። «ይህን ወጣት ወይም ቤተሰቡን የምታውቁ፣ መተማ ዮሐንስ ታሞ ተኝቷልና ደውሉ» ብዬ ከስልክ ቁጥሬ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ያንኑ ቀድቼ የከተማው ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ። ያንኑ ደግሞ ወደ ሱዳኗ ገላባት እየተሻገሩ የሚነግዱት ባሉበት ዋትሳፕ። ያዘዝኩት ሻይ ሳይመጣ ሦስቱም ቦታ ገብቶ ነበር። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ትኩሳቱ በረደ። ውኃ በማንኪያ ወሰደ! አዋላጃችን ሲስተር ዘውዴ «ይሄስ ከሞት አፍ ተመለሰ» አለች።

ስልኬ አላርፍ አለ። ሼር፣ ሼር፣ «እግዜር ይማረው»። ቤተሰቡን የሚያውቅ ግን የለም።

ከሰዓት አንዱ ከሥሩ «ይሄን ልጅ መንገድ ላይ ሰው ከሚያግቱት ጋር ያየሁት መሰለኝ» ብሎ ጻፈ። መሰለኝ ነው ያለው። አመሻሹ ላይ ያው ፎቶ ተመልሶ ለእኔው ተላከልኝ። የእኔ ጽሑፍ ተቆርጦ በሌላ ተተክቷል፦ «አጋቹ ቆስሎ ተያዘ። ጤና ጣቢያ እያሳከሙት ነው። እኛ የት ነን?» ስልክ ቁጥሬን ግን አልቆረጡትም።

ሰሞኑን ወደ ጎንደር በሚወስደው የገንዳ ውሃ መንገድ ላይ ሰው ታግቷል፤ ያልተቆጣ ሰው የለም። እዚህ አገር ደግሞ ጠብመንጃ የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

ሐሙስ

አጠፋሁት። ከፌስቡክ አጠፋሁ፣ ከቴሌግራም አጠፋሁ። ዋትሳፑ «ጊዜው አልፏል» ብሎ እምቢ አለኝ። ምን ዋጋ አለው? የጠፋው የእኔ ነው፤ የእነሱ እዚያው አለ። እንዲያውም ባሰ። «አጋቹን ለመደበቅ አነሱት» ይሉ ጀመር። አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «አንቺ ነሽ የምታክሚው? እናይሻለን» ብሎ ዘጋብኝ።

ረፋዱ ላይ በሩ በሰው ተሞላ። ከፊት ጋሽ ደምሌ ቆመዋል። ሰሊጥ ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውን የከተብኩ እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድማቸው ከሚኒባስ ተወርዶ ከተወሰደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ትከሻቸው ላይ ክላሽ አንግበዋል። «ልጁን አውጡልን!» ይላል ሰዉ። ዘበኛችን በሩን በሰንሰለት ቆለፈ።

«ማዋለጃ ክፍል እናስገባው፤ እዚያ ወንድ አይደፍርም» አለች ሲስተር ዘውዴ። ከነአልጋው ገፍተን አስገባነው። ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ ስናስረዳት «ይግባ፣ እኔን ምን ያደርገኛል» አለች። በመሀል መጋረጃ ዘረጋን። እሷ ታምጣለች፣ ውጭ ሰዉ ይጮኻል፣ ልጁ ዓይኑን ገለጠ።

«አበጀ እባላለሁ» አለኝ። «አገሬ ጎጃም ነው። ምን አድርጌ ነው?»

«ምንም አላደረግህም» አልኩት። የቤተሰቡን ስልክ ጠየቅሁት፤ ቁጥሩ የነበረው የጠፋው ስልኩ ላይ ነው፣ በቃሉ አያውቀውም።

ፖሊሶች መጥተው ሰዉን ለመኑት። ሰዎቹም «ነገ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ።

ሴትዮዋ ወንድ ልጅ ወለደች።

ዓርብ

ኃላፊያችን «ሁለተኛ ምንም እንዳትለጥፊ። ወሬ ዝም ሲሉት ይሞታል» አለኝ። ዝም አልኩ። አልሞተም። ጎንደር ደርሷል። ካርቱም ያለው የአክስቴ ልጅ እንኳ «ተጠንቀቂ» ብሎ ላከልኝ።

እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው ሥራ የገባሁት። በሩን ይሰብሩታል። አበጀን ፊቴ ይመቱታል። ከዚያ እኔን። እናቴ ደግሞ በሰው ስልክ ታየዋለች። ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ተመልሰው መጡ። ጋሽ ደምሌን በፍርግርጉ በኩል አነጋገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ልጁ ወባ ነው የጣለው። ጥይት አልነካውም።»

«ሲስተር፣ ወንድሜን ሲያወርዱት አጠገቡ ነበርሁ። ፊታቸውን አልረሳውም። አንዴ ልየው።»

«አይተው፣ እሱ ከመሰለዎትስ?»

«አንዴ ብቻ» አሉ። ኃላፊያችን «አይሆንም» አለ። ፖሊሶቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሰዉ እየበዛ ነው። «ጠብመንጃዎን ለፖሊሱ ይስጡና ብቻዎን ይግቡ» አልኳቸው። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

ገቡ። ራስጌው ቆሙ። አበጀ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። ብዙ አዩት። ኀዘን ዓይን ያሳስታል፤ ያንን ፈርቼ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። በመጨረሻ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ።

«አይደለም» አሉ። «ይሄ የሰው ልጅ ነው። አይደለም።» ከዚያ አለቀሱ። ያለቀሱት ለወንድማቸው ነው።

ፊታቸውን ጠርገው «ስልክሽን አምጪ» አሉኝ። ወደ ካሜራው እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ወንድሜ የተወሰደብኝ ደምሌ ነኝ። በዓይኔ አየሁት፤ ይሄ ልጅ አይደለም። እሱን የነካ እኔን ነካ።»

ኃላፊዬን ሳላስፈቅድ ሦስቱም ቦታ ለጠፍኩት። በሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ተበተነ።

ቅዳሜ

የጋሽ ደምሌ ቪዲዮ እየዞረ ነው። ውሸቱ ግን ቀድሞታል።

ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ፈርቼ ተውኩት። ደጋግሞ ሲጠራ አነሳሁ። ሴት ናት፣ ታለቅሳለች።

«ወንድሜን ገደላችሁት? ወንድሜ ሰው አያግትም!»

የአበጀ እህት! ያየችው የእኔን ጽሑፍ አይደለም፤ የውሸቱን ነው። ስልኩን ለአበጀ ሰጠሁት። ሁለቱም መናገር አቅቷቸው ተላቀሱ።

ስልኩን ተቀብዬ «እስኪረጋጋ ማንም እንዳይመጣ» ስላት «አያሌው ወጥቷል እኮ» አለች። ወንድማቸው ነው። ጎንደር አድሮ ዛሬ ወደ ገንዳ ውሃ ተሳፍሯል።

«በምን አውቀዋለሁ?»

«እሱማ አይጠፋሽም። ከአበጀ ጋር መንታ ናቸው።»

ክው አልኩ። ያ ፊት በየሰዉ ስልክ ውስጥ ነው፤ በየኬላው፣ በየመናኸሪያው። የአያሌውን ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጋሽ ደምሌ ቤት ሮጥኩ። ተናግሬ ሳልጨርስ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ገንዳ ውሃ ሄዱ።

ከሰዓት ጀምሮ ኔትወርክ የለም።

እሑድ

መጡ። ሁለቱም በሕይወት።

ትናንት መሽቶባቸው ገንዳ ውሃ አድረው ነው። ጋሽ ደምሌ መናኸሪያ ሲደርሱ ወጣቶች አያሌውን አንገቱን አንቀው፣ ስልክ ከፊቱ ጋር እያስተያዩ ነበር። «ፎቶው ላይ ያለው መተማ ተኝቷል፤ ይሄ መንታ ወንድሙ ነው!» ብለው መሀል ገቡ። አንደኛው ከቪዲዮው አወቃቸውና እጁን ለቀቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የአያሌው ሸሚዝ ተቀዷል፣ ከንፈሩ አብጧል። ከዚያ አላለፈም፤ ተመስገን።

አበጀ ሲያየው ሊነሳ ሞክሮ አቃተው። አያሌው ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ አጠገቡ ተኛ። ማንም አልከለከለውም።

ጋሽ ደምሌ ውጭ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ይጠብቁኝ ነበር። ስልካቸውን ሰጡኝ፤ ወንድማቸው በሠርጉ ቀን የተነሳው ፎቶ ነው።

«የእሱንም በሦስቱ ቦታ አድርጊልኝ። ያየ አይጠፋም።»

ማን ምን እንደሚጽፍበት እንደማይታወቅ ነገርኳቸው። አጋቾቹ አሁንም ይዘውት ከሆነ ደግሞ ፎቶውን አይተው ምን እንደሚያደርጉት እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከትናንት በስቲያ በርሽ ላይ ስጮህ የነበርሁት እኔው አይደለሁ? ግን ሌላ ምን አለኝ፣ ልጄ?»

ፎቶው አሁን ስልኬ ላይ ነው። ስሙንና የተወሰደበትን ቦታ ጽፌ ደጋግሜ አነበብኩት። ገና አልላክሁትም።