ብሎን የሌለው አልጋ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ከጤና ጣቢያዎች ዐሥራ ሁለት የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ አልጋዎች ተመልሰው መጡ። እንደተለመደው። እኛ እንሸጣለን፣ እነሱ ይመልሳሉ፣ እናስተካክላለን፣ እንልካለን... ትዳር እንኳ እንዲህ አይጸናም።

ለካሁ። የአምስቱ ሙቀት ተዛብቷል። ጥፋተኛው ያው ፖቴንሽዮሜትሩ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክል ብሎን አለችው፤ ማሞቂያው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያቆም የምትወስነው እሷ ናት። ጋሽ ካቻቢቴ፣ ዋናው ቴክኒሻናችን፣ በስማቸው መሣሪያ ያዞሯትና እንዳትነቃነቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉባታል። ከዚያ ጭነት መኪናው ኮረኮንቹ ላይ ሲያንገጫግጫት የራሷን ሐሳብ ትይዛለች።

ቀለሙን የምትሸጥላቸው ልጅ «ሚስትዎ ታድለው» አለቻቸው አሉ። ሚስት የላቸውም። አላረሟትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ለሥራ አስኪያጁ አስረዳሁ። ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ቺፕ አለ። ብሎን የለውም። በውስጡ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ፕሮግራሙ በሽቦ «እዚህ ቁም» ይለዋል፣ ይቆማል። መብራት ቢጠፋም የቆመበትን ያስታውሳል። ቢንገጫገጭ ምኑ ይዞራል?

ጋሽ ካቻቢቴ አዳመጡ። «እጄ ያልነካውን አጥብቄያለሁ ብዬ ልማልልሽ?» አሉኝ።

አንድ አልጋ ተፈቀደልኝ። ከዓርብ እስከ ሰኞ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

አልጋው 36.5 ላይ እየሠራ ነው። ሕፃኑ ሁለት ሊትር የውሃ ከረጢት ነው። ረጋ ያለ ልጅ። ለጥበቃው ማንም እንዳይነካው ነገርኩት፤ «ይተኛ?» አለኝ። ይተኛ አልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ተዋረድኩ።

ሁሉም ተሰብስበው ነበር። «አሁን መብራት ጠፋ እንበል» ብዬ በኩራት አጠፋሁ። አበራሁ። ቺፑ የቆመበትን ረስቷል። 37... 38... 39 ሲያልፍ ሶኬቱን ነቀልኩ። ከረጢት ባይሆንስ? ይህን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስጠይቅ ዋልኩ።

ጋሽ ካቻቢቴ ቀይ ቀለማቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

አገኘሁት። የኔው ጥፋት ነው፣ ያውም የተማረ ሰው ጥፋት። መሃይም ቢሆን አይሳሳታትም ነበር።

የቺፑ ማስታወሻ ዋስትናው መቶ ሺህ ጊዜ እስኪጻፍበት ድረስ ብቻ ነው። የኔ ፕሮግራም ደግሞ ደረጃው ባይቀየርም በየሰከንዱ ይጽፍበታል። ዕድሜውን በአንድ ቀን ከአራት ሰዓት ጨረስኩት። ከዓርብ ወዲህ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ «ይህን እንዳትረሳ» ስለው ከርሜያለሁ... ማን አያብድም? አሁን የሚጽፈው ደረጃው ሲቀየር ብቻ ነው። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ዕቃው አይረባም» ብለሽ ሪፖርት ጻፊ አለኝ። እኔ የጻፍኩት፦ «ዕቃው ደኅና ነው። ፕሮግራሙን የጻፈችው ተሳስታለች። እኔ ነኝ።»

ማታ እህቴ ቤት ሄድኩ። አዋላጅ ናት። ገና አምስት አልጋ ተዛብቷል ከማለቴ ሳቀች።

«አምስት ብቻ? እኛ ጋ እኮ ፕላስተር ለጥፈንባቸዋል፤ 'ይሄኛው ሁለት ይዋሻል'፣ 'ይሄኛው አንድ ተኩል'። አዲስ ነርስ ስትመጣ መጀመሪያ የምናስተምራት እሱን ነው።»

«ለምን አትመልሷቸውም?»

«መልሰንስ ልጆቹን የት እናስተኛቸው፣ ያንቺ ጭን ላይ?»

ፕላስተሩ የወደቀ ቀንስ? ብዬ አልጠየቅኳትም። ለእራት ያዘጋጀችውን አትክልት ከትፌላት ወጣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

አርባ አዳዲስ አልጋዎች፣ ባለ ብሎን፣ ለመጫን ተደርድረዋል። የጥራት ተቆጣጣሪዋ እኔ ስለሆንኩ ያለ ፊርማዬ አይወጡም። አልፈረምኩም።

«አንቺ ራስሽ ዕቃ አቃጥለሽ፣ የሰው ዕቃ ታግጃለሽ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ስላቃጠልኩ ነው አልኩት። ሲዛባ ምን እንደሚመስል ከሁላችሁም በላይ ያየሁት እኔ ነኝ። ከአርባው አምስቱን በፒክአፕ ጭነን ኮረኮንቹ ላይ እንንዳና እንለካ፤ ካልተዛቡ አርባውንም እፈርማለሁ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዬንም ጭምር።

ጊዜ የለም አለ። ከነገ ጀምሮ መጋዘን ተመድቤያለሁ። ጋሽ ካቻቢቴ በኔ ቦታ ይፈርማሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

መጋዘን። ብሎን እየቆጠርኩ ነው። ቀልድ አይደለም፣ የተሰጠኝ ሥራ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ካቻቢቴ በሩ ላይ ቆሙ። ፒክአፓቸው ላይ አምስት ባለ ብሎን አልጋ ጭነዋል፣ በስድስተኛነት ደግሞ የኔን፣ ቺፑ በአዲስ ተቀይሮ። ሁሉንም ትናንት 36.5 ላይ አስተካክያለሁ አሉ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አፍሽን ላስዘጋሽ። ግቢ።»

ሁለት ሰዓት ነዳን። ጉድጓድ አላለፋቸውም፤ አንዳንዱን የፈለጉት ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ወገቤም ተዛብቷል።

ተመልሰን ለካን። ሦስቱ ደኅና። አንዱ ዲግሪ ተኩል ከፍ ብሏል። አንዱ ሁለት ዝቅ። የኔው 36.5። አጥፍተው አበሩት። 36.5። እንደገና... አራት ጊዜ።

ቁጭ አሉ። ባለ ብሎኑን ስንት ዓመት ሲልኩ እንደኖሩ እያሰቡ ነበር፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ጋሽ ካቻቢቴም አልፈርምም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን መጋዘን ሊከተን ፈለገ፤ ከዚያ አልጋ የሚሠራ ሰው እንደማይቀረው አሰበ። ለቺፕ ትዕዛዝ ተላከ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

አርባውም ቺፕ ተገጥሞላቸው አለቁ። አርባውንም በፒክአፕ ነዳናቸው፣ በዙር በዙር። ጠዋት ወደ ጥራት ክፍል መመለሴን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለምን እንደወጣሁ የሚገልጸው ገና አልደረሰኝም።

በየአልጋው ማኅደር ውስጥ የጥፋት ሪፖርቴን ከነማረሚያው አስገባሁ። በየሰከንዱ መጻፉን፣ ቺፑን መግደሉን፣ መቼ እንደታረመ። ነገ አንዱ ፕሮግራሙን ሲነካካ ያንኑ ስህተት እንዳይደግመው።

ሥራ አስኪያጁ አየ። «ሪፖርቷን አውጪያት። የራሱን ጉድ አርባ ጊዜ ፈርሞ ለገዢ የሚልክ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አሁን ያያሉ» አልኩትና ፈረምኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት...

ጋሽ ካቻቢቴ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። የፈረምኩትን እየተቀበሉ ከስሜ ሥር ይጽፉ ጀመር። አጮልቄ አየሁ፦ «ባለ ብሎኑን ለዓመታት እየሠራሁ የላክሁ፤ ይህን መንገዱ ላይ ያረጋገጥኩ።» ከዚያ ስማቸው። እውነተኛ ስማቸውን ያየሁት ዛሬ ነው። ያምራል።

«እርስዎ እንኳ ምን አጠፉ?» አልኳቸው በቀስታ።

«ፈርሚ» አሉኝ።

አርባውም ሲያልቅ የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አየ፣ ውጭ ጭነቱን የሚጠብቀውን መኪና አየ። ማኅተሙን አንስቶ መምታት ጀመረ። ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ነበር የሚመታው።

ይምታ።