አራተኛው ኮከብ

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ደመና። ቢሮ የአንድ የሕግ ባለሙያ መጽሐፍ ሳርም ዋልኩ፤ ሰውየው ከአራት ነጥብ ጋር ተጣልቷል። ቤት ስገባ እትዬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካሮት ትተክላለች።

ታላቅ እህቴ ናት። ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ነበረች። ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ከሰነፈ ወዲህ እኔ ጋ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ “አውራ ጣትዎን የሚያሠራ ጨዋታ ይፈልጉ” አለቻት፤ ልጇ የእርሻ ጌም ከነጆይስቲኩ አመጣችላት። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው እኔ።

እርሻ ይሰጡሻል፣ ትተክያለሽ፣ ታረቢያለሽ። የጌሙ ዓመት ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ይገመግምሻል። ከአራት ኮከብ፣ እንደ ኮከቡ ሽልማት። የሚመጣው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

“ይገመግምሻል” ስላት ቀና አለች።

“ማን ነው እሱ? የሥራ ልምዱስ?”

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ልጇ መጣች። እናቷን ጠቅልላ ልትወስዳት ነው ሐሳቡ።

“እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን መኖር አትችዪም። ቤትሽን እናከራየውና እኔ ጋ ትሆኛለሽ።”

እትዬ ዓይኗን ከካሮቱ አልነቀለችም። “አራት ኮከብ ካገኘሁ ቤቴ እገባለሁ። ካላገኘሁ ያልሽውን አደርጋለሁ።”

“በጌም ነው እንዴ የምንወስነው?”

“አንቺ በምን ወሰንሽ?”

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የእናቷን አውራ ጣት አየችና ተስማማች… መልሱን ያወቀች መስሏት ይሆን?

ጥቅምት 28

ዶሮዎቹን በምታውቃቸው ርዕሳነ መምህራን ስም ጠራቻቸው። አንዷ እንቁላል መጣል አቁማለች። “ይቺ ድሮም ሪፖርት አታደርስም” አለች።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ግምገማው ደርሷል። መኮትኮቱን ትታ አጥር ቀባች። አረሙን ከመንገዱ ዳር ለቀመች። ግቢው እንዳይቆሽሽ ላሞቹን በረት ዘጋችባቸው።

“ይሄ ሁሉ ለምን?”

“ኢንስፔክተር ሊመጣ ሲል እንዲህ ነው የሚደረገው። ዝም ብለህ ተርጉም።”

ኅዳር 8

አንድ ኮከብ። ሽልማት፦ አንድ ከረጢት የሽንኩርት ዘር።

ሽማግሌው አጥሩን ዞር ብሎም አላየ። መመሪያውን ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፤ ዛሬ አነበብኩት። የሚያየው ምርቱን፣ እንስሳቱ ምን ያህል እንደሚወዱሽ፣ ከጎረቤት መግባባትሽን፣ ከዚያ ደግሞ ከሐይቁ ትልቁን ዓሣ ማውጣትሽን ነው። ላሞቹ አኩርፈዋል።

ጆይስቲኩን ወደ ጎን አደረገች።

“እኔ የረገጥኩት ትምህርት ቤት ሁሉ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። ሰው ሁሉ ቀለም የሚወድ መስሎኝ።”

ሳቄን ዋጥኩ። እሷ ቀድማ ሳቀች።

“ይግባኝ አለው?”

“የለውም።”

“ጎበዝ ሰውዬ ነው” አለች። ይህን ስለ ሰው ስትል ሰምቼ አላውቅም።

ኅዳር 26

ግቢው ዳዋ ለብሷል። ግድ አልሰጣትም። ጠዋት ላሞቹን እየዞረች ትዳስሳለች፣ ከዚያ መንደሩን በየቤቱ ሰላም ትላለች። አንጥረኛው መጀመሪያ ሲያያት ፊቱን ያዞር ነበር፤ አሁን በር ድረስ ይሸኛታል። በዚህ ዕድሜ የሥራ ዘይቤን እንዲህ መገልበጥ… እኔ ብዕር ለመቀየር እንኳ ዓመት ይፈጅብኛል።

ታኅሣሥ 10፣ እሑድ

ሦስት ኮከብ። ሽልማት፦ የላም ደወል። የቀረው ዓሣው ነው።

ዓሣው ችግር ነው። ሲጎትት አውራ ጣትን ማንሳት፣ ሲደክም መጫን። የእሷ ጣት ትእዛዙን ይሰማል፣ ግን አስቦበት ነው የሚነሳው። ያኔ ክሩ ተበጥሷል።

ልጇ በስልክ፦ “ሦስትም ቆንጆ ነው እማዬ። ክፍልሽን አስተካክያለሁ፣ ፀሐይ ይገባዋል።”

“ፀሐዩን አመስግኚልኝ” ብላ ዘጋች።

ታኅሣሥ 19

ጆይስቲኩን ጠየቅኋት።

“እኔ ልያዝልሽ። ማን ያያል?”

“እኔ።”

ሻይ ላፈላ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 24

ምሳ ላይ አውራ ጣቷን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ታገናኛለች፣ ሰላምታ እንደምታሰጣጥ። ትንሿ ጣት ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ትመልሰዋለች። ሾርባው ቀዘቀዘ። ደግሞም ሹራቧን ራሷ ቆልፋለች፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ተዛንፏል። የሙያ አመሌን ዋጥኩ፤ አላረምኩም።

ጥር 3

ዛሬም አመለጣት። ዓሣውም ሳይለምዳት አልቀረም።

ጥር 8፣ እሑድ

ወጣ።

ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር፣ ማለትም ይዤ ነበር። ጣቷ ተነሳ፣ ተጫነ፣ ተነሳ… ዓሣው ከውሃው ሲወጣ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣቷን አየችው፣ ሰፈር ጥሎ የጠፋ ዘመድ ድንገት በር ላይ እንዳገኙት።

“መጣህ?” አለችው።

ጋዜጣውን ገልብጬ ይዤ ኖሯል።

ጥር 10

አራት ኮከብ። ሽማግሌው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ “ጥሩ ሠርተሻል።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።” አንድ ሁለት ቃል ልጨምርለት ከጅሎኝ ነበር። አልጨመርኩም።

ሽልማቱ ማሳውን በራሱ የሚያጠጣ የወርቅ ባልዲ ነው። ዕቃ ቤት አስገባችው። “ማጠጣቱን እወደዋለሁ። ምን ልሠራ ነው ታዲያ?”

ከዚያ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ እንዳወርድላት ጠየቀችኝ። አወረድኩ። ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር… ባዶ ነው።

የካቲት 6፣ እሑድ

ከልጇ ጋር እትዬ ቤት ሄድን። ከገባች ወዲህ የመጀመሪያችን ነው፤ “ጠርቼ ነው የምትመጡት” ብላን ነበር።

አንኳኳን። የእግሯ ድምፅ መጣ። ቁልፉ ከውስጥ ገባ። ሩብ ዞረና ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሩብ…

“እማዬ፣ በግራሽ አድርጊው” ልትል አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኩ።

“አጎቴ፣ እየከበዳት እኮ ነው።”

“ይክበዳት።”

ቆምን። ልጅቷ ዓይኗን ከቁልፉ ቀዳዳ አልነቀለችም። የራሷ አውራ ጣት አየር ላይ አብሮ ሲዞር አየሁ፤ እሷ አላወቀችም።

ቀጭ። ከዚያ ሁለተኛው።

“ምን ተገትራችኋል? ግቡ እንጂ” አለች እትዬ። “ጫማችሁን ጥረጉ።”

ጠረግን።