ስለ ጓሮዬ ጥድ ጤንነት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ምንዋጋው፣ የቀበሌያችን የዛፍ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ የቤትዎም ጣራ እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥዱ እስካሁን አልወደቀም።

ከቤቴ ጀርባ ያለውን፣ አያቴ የተከሉትን ጥድ ለመቁረጥ ፈቃድ በጠየቅሁ ጊዜ፣ በሥራ ተወጥረው ሳለ እስከ አጥሬ ድረስ መጥተው፣ ከሞተር ሳይክልዎ ሳይወርዱ ሽቅብ አይተው «ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ጤነኛ ዛፍ አይቆረጥም» በማለት ስላረጋጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ ቀድሜ ማመልከቴ ጥፋት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ሆኖም በአላዋቂነቴ የሚያስጨንቁኝን ጥቃቅን ነገሮች እንዲሰሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦

፩. ግንዱ በመጥረቢያ ዛቢያ ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ውስጡ ባዶ ቢሆን ነው ብዬ ነበር።

፪. ከሥሩ እንጉዳይ በቅሏል። ከላይ የለመለመ ከታች እንደማይበሰብስ ካስተማሩኝ ወዲህ ግን እንደ ጌጥ እያየሁት ነው።

፫. ከክረምቱ በኋላ በአንድ ጎኑ መሬቱ ተሰንጥቆ ሥሩ ብቅ ብሏል፤ ዛፉም ወደ ቤቴ አዘንብሏል። ያዘነበለው በውስጠኛው መደብ በኩል ነው። በዚያ መደብ ላይ ልጄ እየሩስ ከጨቅላ ልጇ ጋር በአራስነት ተኝታለች፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ከቤት አትወጣም፤ ቤቴም አንድ ክፍል ናት። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ፈርቼ እቀመጣለሁ። ይህችን እንኳ ያለ ቀልድ ነው የጻፍኳት።

እየሩስ ሳትወልድ፣ የሥላሴ ማኅበር ተራ የእኔ በሆነ ጊዜ፣ እርስዎም ቤቴን አክብረው ተገኝተው ነበር። እንደ ወጋችን ለትልቅ እንግዳ የሚገባውን ያንኑ መደብ ለቀን ብንለምንዎ፣ ጣራውን አንዴ ቀና ብለው አይተው፣ ለእኔ በሩ ይበቃኛል ብለው ከደጃፉ ተቀመጡ። ማኅበርተኛው በትሕትናዎ ተደነቀ፤ ቄስ ገብረ አማኑኤልም በምርቃታቸው መካከል ይህንኑ አነሡልዎ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ትሕትናዎ ሳስብ አድራለሁ።

ለዛፍ ያለዎት ርኅራኄ ከተረፈ ለሰውም እንዲደርስ የሚጸልይ፣
በጤነኛ ጥድ ጥላ ሥር የሚኖር ታዛዥዎ፣
ደግሰው ካሤ

ማሳሰቢያ፦ የልጁ ክርስትና በመጪው እሑድ ነው፤ መደቡን ለእርስዎ ይዘንልዎታል። አሁንም ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ከመረጡ ግን፣ እባክዎ የመቁረጫውን ፈቃድ ይዘው ይምጡ።