ደርቋል ብዬ የነቀልኩት አትክልት

ውድ አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? እማዬስ፣ የዓይኗ ነገር ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ልዕልት ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። እኔ ግን ሰሞኑን ግራ ገብቶኛል፤ ከእርስዎ በቀር የማማክረው ሰው የለኝም።

አከራያችን ሚስ ዶሎሬስ ይባላሉ፤ አርጅተው እንግልውድ የምትባል ከተማ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ቤታቸውን ከስንት ፈላጊ መርጠው ለእኛ የሰጡን «አባቴ ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አትክልተኛ ነበሩ» ስላልኳቸው ነው። የሙያው ልጅ መስያቸው! መኮትኮቻ ይዤ እንደማላውቅ እርስዎ ያውቃሉ።

በጥቅምት የልዕልት ክርስትና ሲደርስ ግቢውን ባየው ሁሉም ደርቋል። ቁጥቋጦው ቅጠል የለው፣ ረጃጅሙ ሳር ድርቆሽ ሆኗል። እንግዳ በድርቆሽ መሀል አላሳልፍም ብዬ ከባለቤቴ ከኢዮብ ጋር ነቃቅለን አሥራ አንድ ከረጢት ሞልተን ጣልን። ግቢው ጸዳልኝ ብዬ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ሚስ ዶሎሬስ ደወሉ። ቀዮቹ ቅርንጫፎች በበረዶው ላይ አማሩልሽ ወይ፣ ወፎቹስ የሳሩን ፍሬ ሊለቅሙ መጡ ወይ አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ የተከሉት ለበረዶው ወራት ብለው ነው፤ ለካ መድረቁም ጌጥ ኖሯል! ደንግጬ «አዎ፣ በጣም ያምራል» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላሉ፤ እኔም በአጥር አሾልኬ የጎረቤትን ቀይ ቁጥቋጦ እያየሁ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ቅዳሜ ልጄ ታመጣኛለች፣ በዓይኔ ልየው ሲሉኝ ሁሉንም ነቅዬ መጣሌን ዘረገፍኩላቸው።  ታዲያ እስከ ዛሬ ስትነግሪኝ የነበረው የማንን ነው አሉኝ። የጎረቤትን ነው አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት።

አለቀስኩ አባዬ። ቤቱን ልቀቁ ይሉናል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ከዚያ የባሰው ግን በእርስዎ ስም አምነውኝ ሳለ መዋሸቴ ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ የቀረ ይኖር ይሆን? የሞተና የተኛ ተክል በምን ይለያል? እባክዎን ይጻፉልኝ።

ትናንት ቅዳሜ አልመጡም። ዛሬ ግን በተለመደው ሰዓት ደወሉ። ስለ ግቢያቸው አንዲት ቃል ሳያነሱ፣ የጎረቤትሽ ቀዩ ቁጥቋጦ እንዴት አደረ አሉኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን እየቀጡኝ አልገባኝም። ስልኩን እንደያዝኩ በረዶውን ረግጬ አጥሩ ድረስ ሄድኩና ያየሁትን ነገርኳቸው።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ኪዳኔ በትምህርቱ እንዲበረታ ይንገሩልኝ፤ እትዬ ጌጥነሽንም ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። የሆቴሉን ሰዎች ካገኟቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ይህን ጉዴን ግን እንዳይነግሩብኝ።

ልጅዎ መቅደላዊት ወልደገብርኤል
ሞንትቤሎ፣ ዴንቨር
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.