ከፊት የሄድኩበት ቀን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የባልሽ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ዶክተር ቤት አልሄድም እያለ ያስቸግርሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እግሬ ከመላጡ በቀር የነካኝ ነገር የለም። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

አብራን የምትጓዘው መምህርት እኔ ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ጽሕፈቴ ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ የተማርኩት ቢሆንም ይህን በሌላ ሰው እጅ አስጽፌ ልልክልሽ አልፈለግኩም።

እንደምታውቂው የወጣሁት የእናታችንን ስለት ልፈጽም ነው። አንቺ በልጅነትሽ ታመሽ ስትድኚ እስከ ቅዱሱ ቦታ በእግሯ ልትሄድ ተስላ፣ ሳይሆንላት የሞተችበትን። መንገድ ላይ አምስት ሆነን ገጠምን፤ ጡረታ የወጣችው መምህርት፣ ባልና ሚስት ዳቦ ጋጋሪዎች፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊና እኔ። ሠላሳ አንድ ቀን በአንድ ሳሙና ታጠብን። ልብስ ሰፊው የሁላችንንም የተቀደደ ካልሲ በመርፌው ይጠቅምልን ነበር። እኔ ዝም ስል ደግሞ፣ በልተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ነበር።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ከሁሉ ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው በእሱ እርምጃ ይከተላል። ቀርፋፋው ልብስ ሰፊው ስለሆነ ዳቦ ጋጋሪው «ባቡር» ብሎ ሰየመው። እሱም «ዝም ብላችሁ ተሳፈሩ! ትኬት የጠየቃችሁ አለ?» እያለ ያስቀን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ኮረብታው ላይ ስንወጣ የቅዱሱ ቦታ ጣሪያ ከሩቅ ታየን። የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ቀርቶን ነበር። እትዬ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ወር ሙሉ አፌን ያልከፈትኩት ሴት፣ ዛሬስ እኔ ልምራ አልኩ። ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ዞር ብሎ በእጁ አሳለፈኝ። «እለፊ እህቴ፣ ባቡሩ ውሃ ይጠጣ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ቁልቁለቱን ተያያዝኩት፤ ሦስቱም ተከተሉኝ። እናታችን የጠራችኝ ይመስል አንዴም ወደ ኋላ አላየሁም። መምህርቷ «ባቡርስ?» ያለችው ድልድዩ ጋ ከደረስን በኋላ ነው።

ተመልሰን ስናገኘው ደረቱን ይዞ፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ዳቦ ጋጋሪው ሰው ሊጠራ ሮጠ። እኔ ራሱን ደገፍኩት። ዐይኑን ሳይገልጥ «ደረስን?» አለኝ። ደርሰናል አልኩት። «እንግዲያው ጫማዬን አውልቂልኝ፤ በጫማ አይገባም» አለ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ የሁላችንን የጠቀመ ሰው የራሱን አልጠቀመም። ሁለተኛውን ጫማ ሳወልቅ ትንፋሹ የለም።

በማግስቱ ሴት ልጁ አስከሬኑን ልትወስድ መጣች። አባቴ ደርሶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችን። ሦስቱም እኔን አዩኝ። በዐይናቸው ቂም የለም፤ አንጀቴን የቆረጠውም እሱ ነው። አልደረሰም፣ ጥዬው ሄጄ ነው አልኳት። ጫማውን ብቻ ከእጄ ተቀበለችኝ።

ጓደኞቼ እስካሁን ወደ ቅዱሱ ቦታ አልገቡም፤ እኔን እየጠበቁ ነው። አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ አለን። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው ሊያስቀን ጀምሮ መሀል ላይ ተወው፤ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ነገ እገባለሁ ብያቸዋለሁ። ግን እትዬ፣ የምገባው በእናታችን ስም አይደለም፤ በእሱ ስም ነው። ሁለቱንም ይዤ ልግባ ብዬ ነበር፣ ልቤ እሺ አላለኝም። ደርሰናል ያልኩትን ሰው ሳላደርስ መቅረት አልችልም። የእናታችን ስለት እንዳለ ነው፤ እግሬ ደግሞ ይህን መንገድ ሁለተኛ የሚችለው አይመስለኝም። ፈቃድሽን ጠይቄ እንዳልጠብቅ፣ ደብዳቤው ደርሶሽ መልስሽ እስኪመጣ ጊዜ የለም። ብታዝኚብኝ አልፈርድብሽም።

ባልሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን ለፈተናው በርታ ብላሃለች በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስቴ መቼ ትመጣለች ካለችሽ፣ እያዘገመች ነው በያት።

እህትሽ
ከመንገደኞች ማረፊያ፣ ሐሙስ ግንቦት 22 ቀን